የሰባት ደቂቃ እንቅልፍ

ሩት በዛብህ ለመመረቂያ ፊልሟ ያቀረበችው ሐሳብ ሦስተኛ ጊዜ ሲመለስባት አልተናደደችም። መናደድም ጉልበት ይፈልጋል። ወረቀቱን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና ሳሪስ ካለው ኮሌጅ ሦስተኛ ፎቅ ቀስ እያለች በደረጃው ወረደች። ከሕንፃው ሥር የቤት ዕቃ መሸጫ አለ። ደጅ ላይ ከተደረደሩት ሶፋዎች አንዱ ላይ አረፍ ማለት አማራት፤ ሻጩ ቀና ብሎ ሲያያት ግን ተወችውና ወደ አቃቂ ታክሲ ሰልፍ ሄደች።

ሃያ ሰባት ዓመቷ ነው። አባቷ ዕድሜያቸውን በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ፈጅተው ጡረታ በወጡ በዓመቱ አረፉ፤ እሷ ከእናቷ ጋር እዚያው አቃቂ፣ በተወለደችበት ቤት ትኖራለች። አስራ ሁለተኛ ክፍልን እንደጨረሰች አንድ የሰርግ ቪዲዮ ቤት ገብታ ስድስት ዓመት ኤዲቲንግ ሠርታለች። ሙሽሮች ካሜራው ከእነሱ ዞር ያለ ሲመስላቸው የሚያሳዩት ፊት አለ፤ ፈገግታው ጠፍቶ፣ ትከሻቸው ወርዶ፣ ጫማው እንዴት እንደጠበባቸው ብቻ የሚያስቡበት ፊት። ሩት ያንን ፊት ትወደው ነበር። ባለቤቱ ግን ሁልጊዜ ያስቆርጣታል። ቪዲዮ ቤቱ ሲዘጋ ቂሊንጦ፣ ኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ አንድ የመድኃኒት ፋብሪካ ተቀጠረች። በኤክስቴንሽን ፊልም መማር የጀመረችውም በዚያው ዓመት ነው። ለምን እንደሆነ ሲጠይቋት "እንዲሁ" ትላለች። ልቧ የሚያውቀው ግን ያንን ፊት ማንም የማያስቆርጣት ሥራ ፈልጋ መሆኑን ነው።

ፋብሪካ ውስጥ ሥራዋ ማየት ነው። ከማሸጊያው ማሽን ጫፍ ተቀምጣ፣ አሥር አሥር ፍሬ ኪኒን የያዘው ቅጠል በፊቷ ሲያልፍ ትመለከታለች፤ አንዱ ቦታ ባዶ የሆነበትን ቅጠል ታነሳለች። ቀኑን ሙሉ ይኸው ነው። ቤት ገብታ ዓይኗን ስትጨፍን ነጫጭ ክቦች ይታዩዋታል። ከሰኞ እስከ ቅዳሜ እኩለ ቀን ፋብሪካ፣ ቅዳሜ ከሰዓትና እሁድ ሳሪስ፣ ክፍል ውስጥ ናት። ሁለት ዓመት እንዲህ ኖራለች።

መምህሯ ተስፋሚካኤል ይባላል። ሦስት ኮሌጅ የሚያስተምር፣ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲሮጥ ምሳውን በፌስታል ይዞ የሚዞር፣ እሱም እንደ ተማሪዎቹ የደከመው ሰው ነው። የመጀመሪያ ሐሳቧ ጠለፋ ነበር፤ ሦስት መኪና የሚሳደድበት። መኪናዎቹን ማን እንደሚሰጣት ጠየቃት። ሁለተኛው በሁለት ወንዶች መካከል የቆመች ተማሪ ታሪክ ነበር። እሱን ደግሞ በዚያው ሳምንት ከሌሎች አራት ተማሪዎች ተቀብያለሁ አላት። ሦስተኛው ለታመመች እናቷ ስትል የተበላሸች ልጅ ነበር። ተስፋሚካኤል ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበና ቀና አለ።

"ይቺን ልጅ ታውቂያታለሽ?"

"አላውቃትም።"

"እኔም አላውቃትም። ሰባት ደቂቃ ነው ያለሽ ሩት። በየቀኑ የምታይውን ሰው አምጪልኝ።"

በየቀኑ የማየው ኪኒን ነው ልትለው ፈልጋ ነበር። ዕቅዱ የሚገባበት ቀን ሦስት ሳምንት ቀርቶታል። ኮሌጁ ያለው ደህና ካሜራ አንድ ነው፤ በቀኑ ዕቅዱን ያላስገባ ተማሪ ተራው ለሚቀጥለው ሴሚስተር ይተላለፋል። ሩት አንዴ ተላልፋለች። ሁለተኛ ከተላለፈች እንደማትመለስ ለማንም ሳትናገር ታውቀዋለች።

የፋብሪካው ሰርቪስ ጠዋት ከአቃቂ ተነስቶ በቱሉ ዲምቱ በኩል ነው ቂሊንጦ የሚገባው። ቱሉ ዲምቱ ላይ አደሴ ትሳፈራለች። አደሴ የአርባ አራት ዓመት፣ አጥንተ ሰፊ፣ ካርቶን ክፍል የምትሠራ ሴት ናት። ስትገባ ሩት ተነስታ ወደ መስኮቱ ታሳልፋታለች፤ ይህ መቼ እንደተጀመረ ሁለቱም አያስታውሱም። ሁለት ዓመት ጎን ለጎን ሲቀመጡ ከሰላምታና "ደረስን" ከመባባል ያለፈ ብዙ አላወሩም። ሁሉም ሰው ተኝቶ ነው የሚሄደው።

መምህሩ ያላትን ይዛ በሰኞው ጠዋት ሩት አልተኛችም። ዙሪያዋን አየች። ከቱሉ ዲምቱ ወጥቶ መንገዱ የሚታጠፍበት፣ ረጅም የብሎኬት አጥር ያለበት ቦታ ሲደርሱ አደሴ ሻርፗን ወደ ፊቷ ሳብ አድርጋ ተሸፈነች። ማክሰኞም እዚያው ቦታ ላይ ተሸፈነች። ረቡዕም። ሩት ካርቶን ክፍል የምትሠራ አንዲት ጓደኛዋን ጠይቃ፣ አጥሩ የቆመበት መሬት ድሮ የአደሴ አባት ጤፍና ሽምብራ የሚዘሩበት እንደነበር ሰማች። ያን ቀን ማሽኑ ጫፍ ተቀምጣ አገኘሁት አለች በሆዷ።

በሻይ ሰዓት፣ በሰርቪሱ ውስጥ፣ ወንበሩ እያንገጫገጫት በስልኳ ጻፈችው። አንዲት ሴት በየቀኑ የአባቷን መሬት በአውቶቡስ ታልፋለች፤ እንዳታይ ትሸፈናለች፤ ከሻርፑ ሥር ታለቅሳለች። መጨረሻ ላይ አንድ ቀን ወርዳ አጥሩን በእጇ ትዳስሳለች። ሩት እየጻፈች ራሷ አለቀሰች። ቅዳሜ ተስፋሚካኤል ኮሪደር ላይ ቆሞ አነበበውና አሁን ጀመርሽ አላት። ወዲያው ግን ሴትየዋ ታውቅ እንደሆነ ጠየቃት። አታውቅም ስትለው፣ ሄደሽ አንብቢላት ብሎ ወደ ሌላው ኮሌጁ ሮጠ።

ሰኞ በምሳ ሰዓት ፋብሪካው ግቢ ውስጥ ቆርቆሮው ጥላ ሥር ተቀመጡ። አደሴ ምሳ ዕቃዋን ከፍታ እየበላች፣ ሩት ከስልኳ ላይ አነበበችላት። ሲያልቅ አደሴ የጎረሰችውን ዋጠችና አፏን በእጇ ጀርባ ጠረገች።

"እኔ እኮ አላለቅስም" አለች።

ሩት ከስልኳ ቀና አለች።

"ፀሐይዋ ናት። መታጠፊያው ጋ ስንደርስ ዓይኔ ውስጥ ትገባለች። ሸፈን ብዬ እስክንደርስ እተኛለሁ።"

ሩት መሬቱስ ብላ ጠየቀች። አደሴ አዎ፣ የአባቴ ነበር አለች። ሲወሰድ አባቷ አልቅሰዋል፤ ወንድሞቿም በካሣው ተጣልተው እስከ ዛሬ አይነጋገሩም። እሷ ግን ያኔ አግብታ ወጥታ ነበር፤ መሬቱን የምታስታውሰው ሽምብራ በእሸቱ ስትለቅም ወገቧን እንዴት ያማት እንደነበር ነው። ከዚያ ትንሽ አሰበችና፣ ሴትየዋ ፊልሙ ላይ ሁልጊዜ የምታለቅሰው ሥራ ስለሌላት ነው ወይ ብላ ጠየቀች። ለማሾፍ አልነበረም። የምሯን ነው የጠየቀችው።

ሩት ስልኳን ዘጋች። የቀሯት ቀኖች አስራ ሁለት ነበሩ። በዚያ ሳምንት ምንም አልጻፈችም። ሰርቪስ ውስጥ ኢርፎን ሰክታ፣ ዘፈን ሳትከፍት ተቀመጠች። ረቡዕ ዕለት አንድ ጎዶሎ ቅጠል ሳታነሳ አሳልፋ ተቆጣጣሪዋ ተቆጣቻት። እናቷ ራቱን ስታቀርብላት ሳህኑን አቅፋ እንቅልፍ ወሰዳት።

ዓርብ ከሰዓት፣ ሲመለሱ፣ አደሴ ጉልበቷን ነካ አደረገቻት። የጻፈችውን ስላበላሸችባት አደሴን ከፍቷት ነበር። ያወራችው ወደ መስኮቱ እያየች ነው።

"ለፊልምሽ የሚሆን አንድ ነገር አለኝ። ግን እንቅልፍ ነው፤ እንቅልፍ ፊልም ይሆናል?"

ሩት ኢርፎኑን ነቀለች።

የዛሬ ሦስት ዓመት ክረምት ላይ ነው። ሩት ያኔ አልተቀጠረችም። የአደሴ ባል የቃልቤሳ እናት ታመው እነሱ ቤት ነበሩ፤ ማገላበጥ፣ ማጠብ፣ ውኃ ማቅመስ፣ ሁሉም የአደሴ ነው። ቃልቤሳ ግንበኛ ነው፤ በዚያን ጊዜ ሥራ ያገኘው ሩቅ ስለነበር መሽቶ ይገባል። አንድ ወር ሙሉ ሁለት ሰዓት ተከታትላ ተኝታ አታውቅም። አንድ ቀን ከሥራ ስትመለስ የኋላው ወንበር ላይ ተቀመጠች። ከዚያ በኋላ ያለውን አታውቀውም። ቱሉ ዲምቱ አለፈ። ሰርቪሱ አቃቂ ደረሰ፣ ሰው ሁሉ ወረደ፣ መኪናው ጎማ ጠጋኙ ጎሚስታ አጠገብ ወዳለው ማደሪያው ገባ።

ሾፌሩ ጋሽ ዱሬሳ መስኮት ሲዘጉ አገኟት። ሁለት ጊዜ ጠሯት። የታመመች መስሏቸው ጎንበስ ብለው ሲያዳምጡ ታንኮራፋለች። ዝናብ ሊመጣ ነበርና በእሷ በኩል ያሉትን መስኮቶች ሁሉ ዘግተው፣ በሩን ገርበብ አድርገው፣ ጎሚስታው ጋ ሻይ እየጠጡ መኪናውን ሲጠብቁ ቆዩ። አደሴ ሁለት ሰዓት ከምናምን ተኛች።

"ስነቃ ዝናቡ ቆሟል። ሰው የለም። ማንም ስሜን አልጠራም" አለች አደሴ። "እንደዚያ ያለ እንቅልፍ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም ተኝቼ አላውቅም።"

ይህን ስትጨርስ ቱሉ ዲምቱ ደርሰው ስለነበር ወረደች።

ሩት የዚያን ምሽት በወረቀት ላይ ሴትና አውቶቡስ ሣለች። ቅዳሜ ጠዋት አደሴ እንደገባች፣ ያን ቀን ቤት ስትደርሺስ ምን ሆነ ብላ ጠየቀቻት። አደሴ መጀመሪያ ሻርፗን አስተካከለች። ከዚያ ነገረቻት፤ ስትጀምር ሁሉንም ነገረቻት።

ቤት ስትደርስ ጨልሞ ነበር። ስልኳ ባትሪ ጨርሶ ጠፍቷል። ቃልቤሳ ገብቶ ሲያጣት ጎረቤት ለጎረቤት ሲጠይቅ ቆይቷል። አማቷ ውኃ ፈልገው፣ ራሳቸው ለማንሳት ሲሞክሩ ከአልጋ ወድቀው ነበር። ክፉኛ አልተጎዱም፤ ቢሆንም ወድቀዋል። ቃልቤሳ የት ነበርሽ ሲላት ኦቨርታይም አለችው። እሱ ግን ቀድሞ አንዲት የሥራ ባልደረባዋ ጋ ደውሎ፣ በሰዓቷ በሰርቪስ መሄዷን ሰምቷል። ምንም አላላትም። ከዚያ ቀን ወዲህ ሦስት ዓመት አልጠየቃትም፤ እሷም አልነገረችውም። አማቷ ባለፈው ዓመት አርፈዋል። ቃልቤሳ አንዳንድ ቀን ቱሉ ዲምቱ ፌርማታ ላይ፣ በአጋጣሚ እንዳለፈ ሰው ቆሞ ይጠብቃታል። ስትወርድ ያያትና አብረው ይሄዳሉ።

ሩት ለምን አልነገርሽውም አለቻት።

"ተኝቼ ነበር ብል ያምነኛል? ቢያምነኝ ደግሞ ይብሳል።" አደሴ ድምጿን ዝቅ አደረገች። "ከነቃሁ በኋላም አልተነሳሁም ሩት። ነቅቼ፣ መሽቶ እያየሁ፣ እዚያው ቁጭ ብዬ ነበር። ያን ጊዜ ነው እናቱ የወደቁት።"

ፋብሪካው በር ላይ ሲወርዱ ክንዷን ይዛ፣ የቤቱን ነገር እንዳትጽፊው፣ እንቅልፉን ብቻ ጻፊ አለቻት። ሩት እሺ አለች።

ግን ሁሉንም ጻፈችው። ያንኑ ቀን ከሰዓት፣ ሳሪስ ክፍል ውስጥ ሌሎቹ ስለ መብራት ሲማሩ፣ ደብተሯ ላይ ከዳር እስከ ዳር ጻፈችው። የሴትየዋን ስም ብቻ ለወጠች። እሁድ ለተስፋሚካኤል ሰጠችው። ቁጭ ብሎ አነበበው፤ ሲጨርስ መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን አሸ። ይሄ ነው አላት። አንድ ቦታ፣ አንድ ሴት፣ የቆመ መኪና፤ በሰባት ደቂቃ ይሠራል። ከዚያ ሴትየዋ ፈቅዳ እንደሆነ ጠየቃት።

"አዎ" አለች ሩት።

ሰኞ አደሴ እንደ ወትሮዋ ገባች፣ አለፈች፣ ተሸፍና ተኛች። ሩት ትከሻዋ ላይ የወደቀውን ጭንቅላቷን ተሸክማ እስከ ቂሊንጦ ሄደች። ከሰዓት ሲመለሱ ቱሉ ዲምቱ ፌርማታ ላይ አንድ ሰው ቆሞ ነበር። ሲሚንቶ የነካው ሱሪ ለብሷል፤ ባርኔጣውን በእጁ ይዟል። አደሴ ስትወርድ አያት። ፌስታሏን ተቀብሏት ጎን ለጎን ሄዱ። ሩት በመስኮቱ እስኪጠፉ አየቻቸው። ሰውየው ከጎኑ የምትሄደውን ሴት ታሪክ አያውቅም፤ ሩት ግን፣ ሰርቪሱ ውስጥ ሦስት ረድፍ ራቅ ብላ ተቀምጣ ቢሆን ኖሮ ለእነሱ ምንም የማትሆን ልጅ፣ ታሪኩን ታውቀዋለች። ፊልሙ የሚታየው ሳሪስ፣ ኮሌጁ አዳራሽ ውስጥ ነው፤ ቃልቤሳ ዕድሜ ልኩን ላያየው ይችላል። ይህን ለራሷ ደጋግማ ነገረች። አልረዳትም።

ቅዳሜ፣ ማስገቢያው ቀን፣ ተስፋሚካኤልን ደረጃው ላይ አገኘችውና መዋሸቷን ነገረችው። ከቦርሳዋ አዲስ ወረቀት አወጣች፤ የቤቱ ነገር የሌለበት።

ተስፋሚካኤል እዚያው ቆሞ አነበበው። "ተኛች። ነቃች። ከዚያስ?"

"ከዚያ የለም።"

"ከዚያ ከሌለ ፊልም የለም።" ደረጃው ላይ ተቀመጠ። የተቆጣ አይመስልም፤ ይልቅስ እንደሷ የዛለ ይመስላል። ከገምጋሚዎቹ አንዱ ስለታመመ ግምገማው በአንድ ሳምንት መተላለፉን፣ እስከሚቀጥለው ቅዳሜ እንደሚጠብቃት፣ ከዚያ በላይ ግን እንደማይችል ነገራት። ሩት አመስግናው ወጣች። በተጨመረላት ሳምንት ልትጠቀም አላሰበችም ነበር።

ሰኞ ጠዋት አደሴ ፊልሙ እንዴት ሆነ ብላ ስትጠይቃት፣ ሩት ሌላ ውሸት ለመፈለግ ደከማት። ሁሉንም መጻፏን፣ መምህሯ ማንበቡን፣ መልሳ መውሰዷን ነገረቻት። አደሴ ወደ መስኮቱ ዞረች። ስትወርድም አልተሰናበተቻትም። ከሰዓት ሌላ ወንበር ላይ ተቀመጠች። ማክሰኞና ረቡዕም ከፊት፣ ከሾፌሩ ኋላ ተቀመጠች። ሩት ሁለት ዓመት የለመደችውን ክብደት አጥታ ትከሻዋ ቀዘቀዛት።

ሐሙስ ጠዋት አደሴ ቱሉ ዲምቱ ላይ ገባችና ሩት አጠገብ ቆመች። ሩት ተነስታ አሳለፈቻት።

"ነገርኩት" አለች አደሴ ስትቀመጥ።

ሰኞ ማታ ነው የነገረችው። ከወረቀት ከሚሰማው ከእኔ ይስማው ብዬ ነው አለች፤ ይህን ስትል ሩትን አላየቻትም። ቃልቤሳ እስከ መጨረሻው ሰማት። በነጋታው ሥራውን ትቶ አቃቂ ሄደ። ጎሚስታውን ጠይቆ ጋሽ ዱሬሳን አገኛቸው። እሳቸውም አስታወሱ። አዎ፣ እንደዚያ ያለ እንቅልፍ እንዴት ይረሳል አሉት፤ መኪናውን ከፍተው የተኛችበትን ወንበር አሳዩት፤ ሻይ ጋበዙት። ማታ ቤት ሲገባ ስለ ምንም አላነሳም። ራት በልተው፣ ዕቃው ታጥቦ፣ ሊተኙ ሲሉ ነው ያናገራት።

"በርዶሽ ነበር ወይ አለኝ" አለች አደሴ። "ሦስት ዓመት ቆይቶ፣ በርዶሽ ነበር ወይ።"

ሩት ምን አልሽው አለቻት።

"አልበረደኝም አልኩት።" አጥሩ ጋ ደርሰው ነበር፤ አደሴ ግን አልተሸፈነችም፤ ዓይኗን አጥብባ አወራች። "ነቅቼ መቀመጤን ግን አልነገርኩትም። እሱን አፌ እምቢ አለኝ። አንቺ ጻፊው። ስሜን እንዳታደርጊ። ካየው ይየው።"

ከዚያ በኋላ የቀረው ሥራ ብቻ ነበር። ዓርብ ከሥራ መልስ ሩት ከሰርቪሱ ሳትወርድ እስከ ማደሪያው ሄደች። ጋሽ ዱሬሳ ጋቢና ውስጥ ተቀምጠው መዝገባቸውን ሲሞሉ ልታስረዳቸው ሞከረች። ፊልም ስትላቸው የሳቁት ትንሽ ነው። ያቺ ሴት ከፈቀደች እኔ ምን አለኝ አሉ፤ የመኪናውን ባለንብረት ራሳቸው ያናግሩታል። እሁድ መኪናው ሥራ የለውም። ሞተር አይነሳም፣ ወንበር ላይ በጫማ አይወጣም፣ ይሄ ብቻ ነው ቃላቸው። ሩት የኋላው ወንበር ላይ ተቀምጣ ብርሃኑ ከየት እንደሚገባ አየች። ጋሽ ዱሬሳ እንደነገሯት ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ከግራ በኩል ይገባል፤ አስራ አንድ ሰዓት ላይ የጎሚስታው ጣሪያ ይጋርደዋል። ሁለት ሰዓት አላት ማለት ነው። ለዝናቡ፣ በጎን ያለው መኪና አጣቢ፣ ላቫጆው፣ በጎማ ውኃ ጣሪያው ላይ ቢለቅላቸው ይበቃል። የሚናገር ሰው የለም ማለት ይቻላል። ሴትየዋን የክፍል ጓደኛዋ ሊዲያ ትሠራለች፤ ሊዲያ ሆቴል ውስጥ አስተናጋጅ ናትና፣ መድከም አስተምሪኝ አላለቻትም።

ዕቅዱን ቁጭ ብላ ስትጽፍ አስራ አንድ ሾት ሆነ። ስምንተኛውና ዘጠነኛው መካከል ብዙ ቆየች። ሴትየዋ ነቅታለች፤ ትነሳለች፤ ትወርዳለች። መካከል ላይ ያለው መቀመጥ ስንት ይሁን? ሠላሳ ሴኮንድ ብላ ጻፈች። ሰው ይሰለቻል ብላ ወደ ሃያ አወረደችው። መልሳ ሠላሳ አደረገችው።

ቅዳሜ ሦስት ገምጋሚዎች ፊት ቆመች። ቀጥታ ከፋብሪካ ስለመጣች ጸጉሯ የሥራውን ቆብ ቅርጽ ይዞ ነበር። አንዱ ገምጋሚ ግጭቱ የት ነው አላት። ሁለተኛዋ ባልየው በፊልሙ ውስጥ ለምን አንድ ጊዜም ፊቱ እንደማይታይ ጠየቀች። ሩት የመለሰችው አጭር ነበር፤ ከፊሉን ራሷም አላስታወሰችውም። ከኋላ የተቀመጠው ተስፋሚካኤል አንድም ቃል አልተናገረላትም። ስትወጣ ግን የካሜራውን መዝገብ አምጥቶ ስሟን በሁለተኛው ተራ ላይ ጻፈ።

መጋቢት ውስጥ በሁለት እሁድ ቀረጹት። የመጀመሪያው እሁድ ላቫጆው ውኃ ጠፍቶበት ከሰዓቱ እንዲሁ ባከነ። በሁለተኛው ተሳካ። አደሴ መጥታ በሩ ጋ ቆማ አየችና፣ ሊዲያ ጭንቅላቷን ወደ ኋላ ጥላ ስትተኛ፣ እንደዚያ አንገት ይቀጫል፣ ወደ መስኮቱ ነው አለቻት። ሌላ ምንም ሳትናገር ወደ ቤቷ ተመለሰች።

ፊልሙ ግንቦት ላይ፣ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት፣ ከሌሎች አምስት የተማሪ ፊልሞች ጋር ታየ። ሩት መካከለኛ ውጤት አገኘች፤ አስተያየቱ ላይ አዝጋሚ ተብሎ ተጽፏል። አደሴ ያን ቀን ኦቨርታይም ገብታ፣ የምሯን ገብታ፣ አልመጣችም። ቃልቤሳ ግን ብቻውን መጣ። አዳራሹ የኋላ ረድፍ ላይ፣ ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀመጠ። ሩት ግድግዳውን ተደግፋ ስክሪኑን ትታ እሱን ነበር የምታየው። ሴትየዋ ነቅታ ሳትነሳ የተቀመጠችበት ቦታ ሲመጣ ሰውየው አልተንቀሳቀሰም። ወደ ፊትም ወደ ኋላም አላለም። መብራት ሲበራ ቀስ ብሎ ተነሳና እሷ ወዳለችበት መጣ።

"አንቺ ነሽ ሩት?"

ሩት አዎ አለች።

"ጥሩ ነው" አለ ቃልቤሳ። ባርኔጣውን አዙሮ አየው። "ከነቃች በኋላ ግን ቶሎ አስነሳችኋት። ትንሽ ብታቆዩአት ምን ነበረበት።"

እጅ ነሥቷት ወጣ። ሩት ከሕንፃው ስትወርድ ፌርማታው ላይ ቆሞ እንደሆነ ብላ ዓይኗን ጣለች፤ ሄዷል።

ሰኞ በሰርቪስ ውስጥ አደሴ መጥቶ ነበር ወይ ብላ ጠየቀቻት። ሩት መጥቶ ነበር አለቻት። ያላትን ልትነግራት አፏን ከፍታ፣ እሱ ራሱ ይንገራት ብላ ዝም አለች። ዲፕሎማዋ በሐምሌ ተሰጣት። ሁለተኛ ፊልም ትሠራ እንደሆነ ሰዎች ሲጠይቋት ገና አላሰብኩበትም ትላለች። መስከረም ላይ ፈረቃዋ ወደ ከሰዓት ተቀይሮ ከአደሴ ጋር መገናኘታቸው ቀረ። አሁን አጠገቧ የሚቀመጠው ስልኩን ከፍቶ ኳስ የሚያይ ልጅ ነው፤ አደሴ ግን በጠዋቱ ሰርቪስ፣ ቱሉ ዲምቱ ላይ መሳፈሯን አላቋረጠችም።